ሠላሳ ስምንቱም «ያሟላል»

መርካቶ፣ ጥር 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ኤልሲዬ፣

እንዴት ነሽ? እናትሽ፣ ተማሪዎችሽ፣ ያ የሚያምሽ ጉልበትሽ ሁሉ ደህና? እኔ ከማስነጠስ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሰላምታውን እዚህ ላይ ልቁረጠው። እያንዳንዷን የብሬል ፊደል በመውጊያዬ፣ በስታይለስ፣ እየወጋሁ ሰላምታ ስደረድር ብውል እጄ ይዝላል። ደግሞ ሰላምታ አርዝሞ ወሬ የሚያሳጥር ሰው እንደማልወድ ከአዳሪ ትምህርት ቤት ጀምሮ ታውቂያለሽ።

«እውነት መርካቶ ኮምፒውተር ቤት ገባሽ ወይስ አወሩብሽ?» ላልሽው፣ ገብቻለሁ። «ታዲያ ለምን አትደውዪም?» ላልሽው ደግሞ፣ የጸሐፊያችን የሎዛ ወንበር ከእኔ አንድ ክንድ አይርቅም፤ ትንፋሼን ሳይቀር ትሰማለች። ብሬል የሚያነብ ግን ከእኔ በቀር በዚህ ፎቅ ላይ አንድም ሰው የለም። ስለዚህ የልቤን በነጥብ እጽፍልሽና ማለዳ አውቶቡስ ተራ ወርጄ ለእምድብሩ መኪና ረዳት እሰጠዋለሁ።

ቢሮው በርበሬ በረንዳ ጥግ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃው የበሰበሰ ቲማቲምና ሽንት ይሸታል። ታች በርበሬ ባራገፉ ቁጥር ላይ ያለን ሁሉ በአንድ ላይ እናስነጥሳለን። አለቃችን አቶ ሃብታሙ ይባላል። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ማስቲካውን እያጮኸ መጣና ራሴን ዳበሰኝ። «አይዞሽ የኔ እህት፣ እኛ እኮ የምንሠራው ለእናንተ ነው» አለኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው እኮ፣ ኤልሲ! እንደ ድመት ግልገል ራሴን ይዳብሰኛል? ቀፈፈኝ። ቤት ገብቼ ጸጉሬን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ሥራዬ ይኸውልሽ። ድርጅቱ አንድ የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቷል። ገንዘቡን የሚሰጡት ፈረንጆች «ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳነው፣ እጁ የማይታዘዝለት ሰው ሁሉ ሊጠቀምበት ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ለዚያ የሚሞላ የተደራሽነት ማረጋገጫ ሰነድ አለ። ሠላሳ ስምንት መስመር ነው። በየመስመሩ መልሱ ከአራቱ አንዱ ነው፦ ያሟላል፣ በከፊል ያሟላል፣ አያሟላም፣ አይመለከተውም። እኔ ፕሮግራሙን ገጹን በድምፅ በሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር እየነካካሁ እፈትሻለሁ፣ መልሱን እናገራለሁ፣ ሎዛ ትጽፋለች። ለምን ራሴ አልጽፍም? ሰነዱ ራሱ በስክሪን ሪደር አይነበብማ! የተደራሽነት ሰነዱ ተደራሽ አይደለም። ሳቂ እንግዲህ።

ፕሮግራሙ ምን እንደሆነ ስሰማ ግን መሳቁን ተውኩት። የመምህራን የብቃት ፈተና ነው። አንቺ ሚያዝያ ላይ የምትቀመጪበት ፈተና፣ ዘንድሮ በኮምፒውተር ሊሆን ነው። ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ አትመው፣ ፎቶ አንስተው ነው የለጠፏቸው። ስክሪን ሪደሩ «ምስል» ይልና ዝም። ቀጣዩም «ምስል»። መልስ መምረጫው በማውስ ብቻ ነው። በዘጠና ሴኮንድ ገጹ ራሱ ያልፋል፣ ሲያልፍም ድምፅ የለውም። መመሪያው ላይ ምን ይላል መሰለሽ? «ለመቀጠል አረንጓዴውን ይጫኑ።» አረንጓዴውን!

እስካሁን ሃያ መስመር ፈትሼ አሥራ ስድስቱን «አያሟላም» ብያለሁ። ገና እቀጥላለሁ።

ጠሂራሽ


እምድብር፣ ጥር 28 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ ጠሂራ፣

ደብዳቤሽም፣ ቀጥሎ የላክሻት ባለ አራት መስመሯም ደርሰውኛል። ሁሉም ደህና ነው፤ ጉልበቴ ብቻ ብርዱን አልወደደውም።

«የአምናው ፈተና ምን ነካሽ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ልነግርሽ አፍሬ ነበር። አንባቢ ተብሎ የተመደበልኝ ሰውዬ የአንድ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው፣ ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። ምርጫዎቹን «ሀ»ን አንብቦ፣ «ለ»ን አንብቦ፣ «በቃ ሐ ነው፣ እለፊ» ይለኛል። እኔም እሺ ብዬ አለፍኩ። አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተማሩን እኮ አንድ ነገር ነው፦ አንባቢን አታሰልቹ፤ ከተሰላቸ ነገ አይመጣም። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ አሁንም አንባቢ ፊት እንደ ልጅ እሽቆጠቆጣለሁ። በሁለት ነጥብ ወደቅኩ።

ስለዚህ «አንባቢ ይሻልሻል ወይስ ኮምፒውተር?» ካልሽኝ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ እላለሁ። አንቺ እንደምትይው ከሆነ ግን ዶማውን ልያዝ። አንባቢዬ ሲዘል ቢያንስ «መለስ በልልኝ» ማለት እችላለሁ፤ ዘንድሮ እንደማልሽቆጠቆጥም ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ይህ የመጨረሻ ዕድሌ ነው። ካላለፍኩ ከክፍል ያወጡኛል። «ሌላ ሥራ ይፈለግልሻል» ብለውኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ሊነግሩኝ አልፈለጉም። አሥራ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ፣ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ሳያስፈልገኝ ልጆች አሳልፌ፣ አሁን ሰው «ምን እናድርጋት?» ሲል መስማት አልፈልግም።

አንቺ እዚያ ስላለሽ ግን ዘንድሮ ልቤ ረጋ ብሏል።

ኤልሳቤት


መርካቶ፣ የካቲት 9 ቀን 2009 ዓ.ም.

ኤልሲ፣

ተገላገልኩ! ዛሬ ሰነዱን አስረከብኩ። ከሠላሳ ስምንቱ ሃያ ዘጠኙ «አያሟላም»፣ ስድስቱ «በከፊል»፣ ሦስቱ ብቻ «ያሟላል»። በዚህ ሰነድ ፈተናውን ለዓይነ ስውር ሰጥተው እንደሆነ እኔ ጠሂራ አይደለሁም። ስለዚህ አታስቢ። ለማንኛውም ማመልከቻ ጽፈሽ አንባቢ ጠይቂ።

«አለቃሽ ምን አለ?» ትዪኝ ይሆናል፤ ያው ማስቲካውን አጮኸ። ያናደደኝ ሌላ ነው። «እፈርማለሁ» ስል «ለዓይነ ስውር አውራ ጣት ነው» አለኝ። ዲግሪ አለኝ፣ ፊርማ አለኝ፣ መታወቂያዬ ላይ ፊርማዬ አለ! ጭራሽ እጄን ራሱ ያዘና ጣቴን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫነው። እጁ በላብ ርሷል። ኤጭ! አሁንም ቀለሙ ጣቴ ላይ ነው፣ ቢፈተግ ቢፈተግ አይለቅም።

ጣቴን ከማሳረፌ በፊት ሎዛ ገጹን ልታነብልኝ ጀምራ ነበር። ምሳ ሰዓት ሆኖ ሆዷ ሲጮህ ሰማሁ። «ያው ያንቺው ነው፣ ላንብበው?» አለችኝ። «ተዪው፣ ሂጂና ምሳሽን ብዪ» አልኳት። ምስኪን፣ ወር ሙሉ ስነዘንዛት ከርሜ።

በደንብ አጥኚ።

ጠሂራ


መርካቶ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.
(ያልተላከ)

ኤልሲ፣

ይህን እንዴት እንደምጽፍልሽ አላውቅም። ዛሬ ገንዘብ ሰጪዎቹ መጡ። አንዷ ፈረንጅ እጄን በሁለት እጇ ይዛ በእንግሊዝኛ አመሰገነችኝ። «ከሠላሳ ስምንት ሠላሳ ስምንቱንም የሚያሟላ አጋጥሞን አያውቅም፤ ያውም በራሷ በዓይነ ስውር የተረጋገጠ!» አለች። አቶ ሃብታሙ ከጎኔ ቆሞ ይስቃል።

ሲሄዱ ሎዛን ደረጃ ላይ ያዝኳት። አለቀሰች። ሰነዱን ባስረከብኩበት ዕለት ጠዋት አቶ ሃብታሙ ሁሉንም ወደ «ያሟላል» አስለውጧታል። ጣቴን ያሳረፍኩት በዚያኛው ላይ ነው። ላንብበው ወይ ብላ የጠየቀችኝ «አንብቢው» እንድላት ፈልጋ እንደነበር ነገረችኝ። እኔ ደግሞ አንባቢን ላለማሰልቸት! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ የምለቅመውም የለኝ።

ገብቼ ጮህኩበት። እሱ ግን አልጮኸም። «አያሟላም ብለን ብንልክ ማን ይቀበለናል? ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን። ወረቀት እኮ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግሞ አውራ ጣቱ ያንቺ ነው። ውሸት ነው ካልሽ ዋሾዋ አንቺ ነሽ» አለ። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነው፤ የቢሮው ሽታ ከደረጃው ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ምን አደረግኩ? ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ዲግሪዬን ይዤ ስድስት ዓመት ሥራ ፈትቻለሁ፣ ኤልሲ። ስድስት ዓመት በወንድሜ ቤት «ጠሂራ በልታለች?» ሲባባሉ ሰምቻለሁ። ከዚህ ብወጣ የምመለሰው ወደዚያ ነው። ራሴን ጠላሁት። እሱን ከጠላሁት በላይ ነው የጠላሁት።


መርካቶ፣ መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

ኤልሲ፣

ዝም በማለቴ ይቅርታ። አልታመምኩም፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው። «ሰነዱ የት ደረሰ?» ላልሽው፣ ለሚመለከታቸው ሄዷል። ፈተናው ላይ ትንሽ ማሻሻያ እየተደረገ ነው ይላሉ፤ እኔ አላየሁትም።

አንቺ ብቻ አንባቢ ጠይቂ። እምቢ ቢሉሽ ደግመሽ ጠይቂ። ለምን አትበዪኝ።

ሰላም ሁኚ።

ጠሂራ


እምድብር፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጠሂራ፣

ፈተናው ወልቂጤ ላይ ተሰጠ። እንዴት ነበር እንዳትዪኝ፤ ልነግርሽ ነው።

እንዳልሽኝ አንባቢ በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። መልስ ሳይመጣ ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ዓይነ ስውራን አምስት ነበርን። ለእያንዳንዳችን ኮምፒውተርና የጆሮ ማዳመጫ ተሰጠን። የተቆጣጣሪውን ድምፅ ስሰማ «አንባቢዎቻችን የታሉ?» አልኩ። «ዘንድሮ አንባቢ ክልክል ነው፤ ፕሮግራሙ ሙሉ በሙሉ ለእናንተ የተዘጋጀ ነው» አለ። ጀመርን። «ምስል» አለኝ። ወደ ታች ወረድኩ፤ «ምስል»።

ሁላችንም ጮህን። ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አይደለም፣ ግራ ገብቶታል። ወረቀት አወጣና አነበበልን። ሠላሳ ስምንት መመዘኛ፣ ሠላሳ ስምንቱንም ያሟላል። «የፈተሸችው ጠሂራ ሁዛይፋ፣ ማየት የተሳናት ባለሙያ። አውራ ጣቷም ይኸው» አለ።

አራቱ አቤቱታ አስመዝግበው ወጡ። እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ልንገርሽ። ጠሂራን አውቃታለሁ አልኩ። ጠሂራ የማይሠራውን ይሠራል አትልም። «ማሻሻያ እየተደረገ ነው» ብላ ጽፋልኛለች። እሷ ፈትሻው ከሆነ፣ ያላወቅኩበት እኔ ነኝ አልኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቁልፉን ሁሉ ስነካካ ቆየሁ። አንዱን ተጭኜ ይከፈትልኛል እያልኩ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። ማሽኑ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጥርት አድርጎ ተናገረ፤ «ዜሮ» አለኝ በእንግሊዝኛ።

አቤት ብለው ለወጡት በሁለት ሳምንት ውስጥ አንባቢ ተመድቦላቸው ድጋሚ ተፈተኑ። እኔ ስጠይቅ «አንቺ አልተቃወምሽም፣ ተስማምተሽ ተፈትነሻል» አሉኝ።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ታውቂ ነበር?

ኤልሳቤት


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም.

ኤልሳቤት፣

አዎ፣ አውቅ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን የጻፍኩትንና ያልላክሁትን ደብዳቤ አብሬ አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ እሱን አንብቢ። እዚያ ላይ ካለው የምጨምረው ሰበብ የለኝም። ይቅርታም አልጠይቅሽም፤ ይቅርታ ለዚህ ያንሳል።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ፈተናውን ወደሚያወጣው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከሰነዱ በፊት በብሬል የያዝኩትን ማስታወሻ፣ ሠላሳ ስምንቱንም መስመር፣ ይዤ ነበር። ኃላፊው ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ እሰማለሁ። «እህቴ፣ ይህ እኮ ባዶ ወረቀት ነው» አለኝ። ወላሂ እንዲህ ነው ያለኝ! ለዓይነ ስውራን ፈተና የሚያዘጋጅ ሰው፣ ብሬል ባዶ ወረቀት መሰለው። «ባዶ ከሆነ ስማ» አልኩትና እዚያው ቆሜ በጣቴ እያነበብኩ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። አንድ፦ አያሟላም። ሁለት፦ አያሟላም። ከኋላዬ ወረፋ የያዘው ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ። ሃያኛው ላይ አንዲት ሴት «ኧረ የፈጣሪ ያለህ!» ስትል ሰማሁ። እስከ ሠላሳ ስምንት አነበብኩለት።

ስጨርስ ምን አለኝ? ድጋሚ የሚፈተነው አቤቱታ ያስመዘገበ ብቻ ነው። ዝም ብሎ ለተፈተነ ሰው የሚፈቀደው ሰነዱ ሐሰት መሆኑን የፈረመው ሰው ራሱ ካመነ ነው። «ካመንሽ ግን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ነገሩ ሕግ ዘንድ ሊሄድም ይችላል» አለኝ። «ጻፍልኝ» አልኩት።

ጻፈ። «ሰነዱን ሳላስነብብ አውራ ጣቴን አሳርፌያለሁ፤ በኋላም ሐሰት መሆኑን አውቄ ከመጋቢት 2 ቀን ጀምሮ ደብቄያለሁ፤ በዚህም ምክንያት ኤልሳቤት የምትባል መምህርት ተበድላለች» ብዬ አስጻፍኩት። ከዚያ ከወረፋው ላይ የማላውቃቸውን ሦስት ሰዎች ለመንኩና ተራ በተራ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበብኳቸው። ሦስተኛው «እህቴ ሰዓት ሄደ እኮ» አለኝ። «ይሂድ፣ አንብብልኝ» አልኩት። ከዚያ በኋላ በገዛ እጄ ፈረምኩ።

አቶ ሃብታሙ በዚያው ሳምንት ሰማ። ስልክ ደውሎ «እኔ አንቺን ሰው ለማድረግ!» እያለ ሲጮህ ዘጋሁበት። አሁን ወንድሜ ቤት ነኝ። ስለዚያ አትጠይቂኝ።

ድጋሚ ፈተና ተፈቅዶልሻል። ሰኔ 14፣ ወልቂጤ፣ ከአንባቢ ጋር። ደብዳቤው በስምሽ ለትምህርት ቤቱ ይደርሳል። «አልፈርድብሽም» ብለሽ እንዳትጽፊልኝ። ተፈተኚ፣ እለፊ፣ በቃኝ።

ጠሂራ


እምድብር፣ ሰኔ 1 ቀን 2009 ዓ.ም.

ጠሂራ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። የመጋቢቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እፈርድብሻለሁ። ሦስት ነጥብ የምታህል እውነት በመጋቢት ብትልኪልኝ ኖሮ ከሌሎቹ ጋር ተነስቼ እወጣ ነበር። ገና ብዙ ጊዜ እቆጣሻለሁ፣ ቻይው።

የፈተናው ፈቃድም ደርሶኛል። አልቀመጥም። እንዳትጮሂ፣ ጨርሺው።

«አራቱ ወጡ» ብዬ የጻፍኩልሽ ውሸት ነው። የወጡት ሦስት ናቸው። አራተኛው እዚሁ ትምህርት ቤት ከእኔ ጋር ሥነ ዜጋ የሚያስተምረው ጥጋቡ ነው። ተነስቶ በትሩን ዘርግቶ በር ደርሶ ነበር። እጁን ይዤ መለስኩት። «ያቺ ልጅ ጓደኛዬ ናት፣ ስሟን ያደረገችበት ነገር አያሳፍርም፣ ተቀመጥ» አልኩት። አመነኝና ተቀመጠ። ዜሮውን እኩል ሰማን። በደብዳቤው ልጽፈው አቃተኝ፤ አንቺን ልወቅስ ስነሳ የራሴ እጅ ያለበትን ቆርጬ አስቀረሁት። ስለዚህ የመጋቢቱን ደብዳቤሽን ለምን እንዳልላክሽው በደንብ ገብቶኛል፣ አስጠልቶኛልም።

ለእኔ አንቺ ያስጻፍሽው ማመልከቻ ስለደረሰልኝ እስከ ድጋሚው ፈተና ክፍሌ ውስጥ ነኝ። እሱን ማንም አልጻፈለትም። የዛሬ ወር ከክፍል አወጡትና «ሌላ ሥራ» ያሉትን ሰጡት። የትምህርት ቤቱ ደወል ደዋይ ሆኗል። ዘጠኝ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው። በየአርባ ደቂቃው ይደውላል፤ እኔ ደወሉን ሰምቼ ክፍል እገባለሁ፣ ደወሉን ሰምቼ እወጣለሁ። ተማሪዎቹ «መምህር፣ ቶሎ ደውለው» እያሉ ሲጫወቱበት እሰማለሁ። እኔን አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ «ጓደኛሽ እንዴት ናት?» ብሎ ግን ጠይቆኛል።

በእኔ ስም ብቻ የመጣ ፈተና ላይ አልቀመጥም። ሙሉ ስሙ ጥጋቡ ኃይለመለኮት ነው። ነገ ጠዋት ሂጂና ማመልከቻውን በሁለታችን ስም እንደገና አስጽፊው። በር ላይ የመለሰው ማን ነው ብለው ከጠየቁሽ፣ የእኔን ስም ስጫቸው።

ኤልሳቤት